የግንበኞቹ ሽርጥ

በሴፕቴምበር 1793 ጆርጅ ዋሽንግተን የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ የካፒቶልን የመሠረት ድንጋይ ሲያኖር ወገቡ ላይ ሽርጥ ታጥቆ ነበር። ፕሬዚዳንቱ የፍሪሜሶኖች ማኅበር አባል ነበርና።

ማኅበሩ ምልክቶቹን የወሰደው ከድንጋይ ጠራቢዎች ነው። ማዕረጎቹም የሙያው ናቸው፦ ተለማማጅ፣ የሙያ ባልደረባ፣ ዋና ግንበኛ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የአዲስ አባል አገባብ ነው። በእንግሊዝ ልማድ እጩው ገንዘቡንና ብረት ነክ ነገሩን ሁሉ አስረክቦ፣ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ አንገቱ ላይ ገመድ ገብቶለት፣ የግራ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሎ ይገባል። ሀብታሙም ድሃውም በዚያ በር እኩል ነው። ቃል ኪዳኑን ሲፈጽም ዓይኑ ይገለጣል፤ ነጭ የበግ ቆዳ ሽርጥም ይታጠቃል።

በሦስተኛው ማዕረግ የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ግንበኛ የኪራም ግድያ በትርኢት ይቀርባል። የግድያው ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ የለም። ኪራም ምስጢር አላወጣም ብሎ ይሞታል፤ እጩው ራሱ እሱን ሆኖ ይወድቃል፣ በሎጁ (በማኅበሩ ቅርንጫፍ) አለቃ እጅም ይነሣል።