የፆታ ሆርሞንና የአንጎል ጤንነት
በሴቻ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



በሙያዬ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አለመሆኔን ሁላችሁም ስለምታውቁ፣ ስለ ሆርሞንና ስለ አንጎል ልናገር ስነሣ ፈገግ የምትሉ መኖራችሁን ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩ ከሙያችን ያን ያህል የራቀ አይደለም፤ ከቤታችንማ ፈጽሞ የራቀ አይደለም፤ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ያሉን ሁሉ የሚመለከተን ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፆታ ሆርሞን ጠባይን እንደሚለውጥ ለጋሞ ገበሬ የሚያስተምር ሊቅ አያስፈልግም። ኮርማው ሲቀጠቀጥ ሰንጋ፣ ፍየሉ ሲኮላሽ ሙክት ይሆናል፤ የሚለወጠውም ሥጋው ብቻ ሳይሆን ጠባዩ ጭምር ነው። ሲዋጋና ሲያባርር የነበረው ወይፈን ረጋ ብሎ ቀንበር ይሸከማል። ጠባይ ደግሞ የአንጎል ሥራ ነው። ታዲያ ከሆድ በታች የጎደለው ነገር እንዴት አድርጎ ራስ ውስጥ ይሠራል? በ1849 በጀርመን አገር በጌቲንገን ከተማ አርኖልድ በርትሆልድ የተባለ ሊቅ ይህንኑ ለማወቅ ስድስት አውራ ዶሮዎችን አኮላሸ። የዘር ፍሬያቸው ጨርሶ የወጣባቸው ጩኸታቸውንና ጠበኝነታቸውን ሲተዉ፣ ፍሬው ተመልሶ በሆዳቸው ውስጥ የተተከለላቸው ግን እንደ ወትሮው ጮኹ፣ ተጣሉም። የተተከለው ፍሬ የቀድሞ የነርቭ መሥመሩ ተበጥሶ ስለ ነበር፣ መልእክቱ የሚጓዘው በደም ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ።

ለእኛ ይበልጥ የሚገባን የአሠራሩ ሥርዓት ነው። ውኃ ከታች ከምንጮቹ ተገፍቶ ወደዚህ ወደ ሴቻ ከፍታ የሚወጣ መሆኑን ታውቃላችሁ። በማናቸውም የውኃ ማጠራቀሚያ ጋን ውስጥ ተንሳፋፊ ቢደረግ፣ ጋኑ ሲሞላ ፓምፑን ያቆማል፤ ሲጎድል ያስነሣዋል። በሰውነትም እንዲሁ ነው። ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱይታሪ የተባለ ዕጢ ለሴቷ የእንቁላል ማመንጫ በደም በኩል ትእዛዝ ይልካል፤ ማመንጫው ኢስትሮጅን ያመነጫል፤ ኢስትሮጅኑ ሲበዛ ትእዛዙ ይቀንሳል። (በወር አንድ ጊዜ ይህ ሥርዓት የሚገለበጥበት ሰዓት አለ፤ እርሱን ለሐኪሞቹ እተወዋለሁ።) ሴት ስታርጥ ግን ጋኑ ከእንግዲህ አይሞላም። ስለዚህ ፒቱይታሪው ያለ ማቋረጥ ትእዛዝ ይልካል፤ የትእዛዙም ሆርሞን በደሟ ውስጥ በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ይገኛል። የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍልም ኢስትሮጅን ሲጎድልበት ሥራው ይዛባል። በጨንቻ ብርድ ውስጥ በድንገት ጋቢዋን የምትገፍፍ እናት ምን ነካት ትባል ይሆናል፤ የነካት ይህ ነው።

ጉዳዩ በሙቀት ብቻ ቢወሰን ኖሮ ቀላል በሆነ ነበር። በ1990 በአሜሪካ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሂፖካምፐስ የተባለውን የማስታወሻ ክፍል በሴት አይጦች ላይ መረመሩ። የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ጥቃቅን እሾህ መሰል ቡቃያዎች፣ ኢስትሮጅን ከፍ ሲል በዝተው፣ ዝቅ ሲል አንሰው አገኟቸው፤ ለውጡም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚታይ ነበር። በወንዶችም አንጎል ውስጥ ቴስቶስትሮን በከፊል ወደ ኢስትሮጅን ይለወጣል። ወንድን ከሴት የሚለየው ሆርሞን አንጎል ሲደርስ የሴት ሆርሞን መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በወንድ የሆርሞኑ መቀነስ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ሲሆን፣ በሴት ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይወርዳል። በአሜሪካ ከአልዛይመር ሕመምተኞች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ረጅም ዕድሜ መኖራቸው አንዱ ምክንያት ነው። እጅን የሚያንቀጠቅጠውና እርምጃን የሚያስረው የፓርኪንሰን በሽታ ደግሞ በወንዶች ላይ ይበዛል።

እንግዲህ የጎደለውን መሙላት ነው የሚል ሐሳብ ይመጣል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ 4,532 ሴቶች፣ ለከፊሎቹ ካረገዘች ባዝራ ሽንት የተጣራ ኢስትሮጅን ከሌላ ሆርሞን ጋር፣ ለቀሩት ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። በ2003 የታተመው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። ሆርሞኑን ከወሰዱት 40፣ ካልወሰዱት 21 ሴቶች በመርሳት በሽታ ተያዙ። መድኃኒቱ አደጋውን በእጥፍ አሳደገው ማለት ነው። ለምን? ብዙዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ለዓመታት ደርቆ የዛገ ቧንቧ ሙሉ ግፊት በድንገት ቢለቀቅበት ዝገቱን ያግበሰብሳል፣ መጋጠሚያውንም ይፈነቅላል። ከዚያ ወዲህ ካረጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጀመሩ ሴቶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች የማስታወስ ችሎታን ሲጎዳም ሲያሻሽልም አላዩም። ስለዚህ ሙቀቱና የእንቅልፍ ማጣቱ ለጸናባት ሴት ሐኪም ሆርሞን ሊያዝ ይችላል፤ አእምሮን ከመርሳት ለማዳን ተብሎ ግን አይታዘዝም።

አንድ ነገር ግን ለይቼ ላንሣ፤ እዚህ የመጣሁትም በተለይ ስለ እርሱ ነው። በ2007 የታተመ የአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ጥናት፣ ከማረጣቸው በፊት የእንቁላል ማመንጫቸው በቀዶ ሕክምና የወጣባቸውን ሴቶች ተከታትሎ የመርሳት በሽታ እንደሚበዛባቸው፣ ቀዶ ሕክምናው በለጋ ዕድሜ በተደረገ መጠንም አደጋው እንደሚያይል አሳይቷል። እስከ 50 ዓመታቸው ድረስ ኢስትሮጅን በተሰጣቸው ላይ ግን ይህ ጭማሪ አልታየም። በ65 የሚጎዳው መድኃኒት በ40 ጠባቂ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ሚስት ወይም እኅት ለማሕፀን ዕጢ ቀዶ ሕክምና ስትገባ፣ ማመንጫዎቹ ይቀሩ እንደሆነ፣ የሚወጡ ከሆነም ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሰጣት ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። ማሽን ስንረከብ መለዋወጫው ምንድን ነው ብለን የምንጠይቅ ሰዎች በዚህ በር ላይ ዝም ብለን ወረቀት እንፈርማለን።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ገጠር ከቤት ወደ ቤት ዞረው 60,820 ሰዎችን አጥንተዋል። ፓርኪንሰን የተገኘው ከ100,000 ሰው በ7 ያህል ላይ ብቻ ነበር። ቁጥሩ ማነሱ በሽታው እኛን አይነካም ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ ሲወለድ ለአንድ ኢትዮጵያዊ የሚገመትለት ዕድሜ 50 ዓመት አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ብዙ እናቶች ካረጡ በኋላ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይኖራሉ ማለት ነው።

እናት ስሟን የጠራችውን ልጅ መልሳ ማን ነህ ስትል፣ በየቤቱ የሚሰጠው ፍርድ «ጃጀች» የሚል ነው። በዚህች አንዲት ቃል ሥር አልዛይመር ብቻ ሳይሆን የታይሮይድ ጉድለት፣ የቪታሚን ቢ12 ማነስ፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ያደረሰው ጉዳት፣ ኀዘንም ጭምር ይደበቃሉ፤ ከእነዚህም የሚታከሙ አሉ። በመካከላችን የጤና ባለሙያዎች ስላሉ፣ የትኛው በየትኛው ምርመራ እንደሚለይ እንዲያስረዱን ቦታውን ለእነርሱ እለቃለሁ።