ንፍሮው ወደ አልጋው ሲሄድ

እሷ፦ ግንቦት 1 ልደታ ነው። ልደታ ማርያም ሰፈር ንፍሮው ይቀቀላል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ቡናው ደጅ ይፈላል። ከአልጋ መነሣት ያቃተውስ?

እሱ፦ ንፍሮው ይሄድለታላ! ጽኑ ሕሙማንን የሚረዳው ሆስፒስ ኢትዮጵያስ ነርሶቹን በየቤቱ የሚልከው ለምን ሆነና?

እሷ፦ ነርሷ ሕመሙን ታስታግሳለች፤ በዓሉን የሚያመጣው ግን ጎረቤት ነው።

እሱ፦ ታዲያ ተሰብስበን በጭብጨባ እንግባ?

እሷ፦ ኧረ ተው! ሁለት ሰው ይበቃል። ካሜራማ ጭራሽ።

እሱ፦ መብላት ካልቻለስ?

እሷ፦ አታስገድደው። ሽታ የሚያስመልሰው አለ፣ መጀመሪያ ጠይቀው። ከፈቀደ ቡናውን አጠገቡ ቁሉለት፤ የሰፈሩን ወሬም አውጉት።

እሱ፦ አስታማሚዋስ? ስንት ወር ከደጅ አልወጣችም።

እሷ፦ እናንተ እዚያ እያላችሁ፣ ነጠላዋን ለብሳ ማርያም ደርሳ ትመለስ።