ማስተርስ በቡድን፣ ከፋብሪካ ጋር

ሴት አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ በአገራችን ብዙው የአይቲ ማስተርስ ተማሪ ቴሲሱን የሚጽፈው ብቻውን ነው፤ ዳታውን ከኢንተርኔት የሚያወርድም አለ። ሐዋሳ ላይ ግን በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ደጃችን ነው።

ወንድ አቅራቢ፦ በቡድን ሆነው ፋብሪካ ይግቡ ነው የምትዪው?

ሴት አቅራቢ፦ አዎ! አንድ የስፌት መስመር አስብ። በየሰዓቱ ስንት ሸሚዝ እንደወጣ፣ ስንቱ ተበላሽቶ እንደተመለሰ መታወቅ አለበት። ይህን ወዲያው ለኃላፊው ስልክ የሚያደርስ ሲስተም ለአንድ ሰው ከባድ ነው። አንዱ ከሱፐርቫይዘሮቹ ጋር ተቀምጦ አሠራሩን ያጠናል፤ ሌላዋ ዳታቤዙን፣ ሦስተኛው ኮዱን ይይዛሉ፤ አራተኛዋ ትፈትሻለች። መብራት ሲቋረጥ ቆጠራው እንዳይጠፋም አብረው ይመክሩበታል።

ወንድ አቅራቢ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ማርኩ ነው። ሦስቱ ሲለፉ አንዱ ስሙን ብቻ እንዳያስገባ።

ሴት አቅራቢ፦ ስጋትህ ልክ ነው፤ ግን መላ አለው። ጊት በሚባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ላይ ማን መቼ ምን እንደሠራ ይመዘገባል። በዲፌንስ ቀን ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠየቅ።

ወንድ አቅራቢ፦ የፋብሪካው ሚስጥርስ?

ሴት አቅራቢ፦ ከመግባታቸው በፊት ውል ይፈርማሉ።

ወንድ አቅራቢ፦ እንግዲያው የፓርኩ ሥራ አስኪያጆች፣ የሚያስቸግራችሁን ነገር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ላኩ።