ሕዋስ አልባ የቆዳ ማትሪክስና ጡትን መልሶ የመሥራት ቀዶ ሕክምና



ሕዋስ አልባ የቆዳ ማትሪክስ የምንለው፣ ከሟች ለጋሽ ወይም ከእንስሳ ከተወሰደ ቆዳ ላይ ሕዋሳቱ ከተወገዱ በኋላ የሚቀረውን የኮላጅን ድር ነው። መጀመሪያ ለቃጠሎ ሕክምና የዋለው ይህ ቁስ፣ ጡት በካንሰር ምክንያት ሲወገድ የሚተካውን የሲሊኮን ኢምፕላንት ከታች ደግፎ እንዲይዝ ማገልገል ከጀመረ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በኢምፕላንቱ ዙሪያ የሚፈጠረውን የጠባሳ መኮማተር እንደሚቀንስም ይታመናል። የተቀባይዋ ደም ሥሮችና ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይገቡበታል።

«ቀስ በቀስ» ያልሁትን ልብ በሉልኝ። ማትሪክሱ የራሱ ደም የለውም፤ ደም ሥር እስኪዘልቅበት ድረስ በላዩ የተኛውን ቆዳ ይጠብቃል። ያ ቆዳ ደግሞ ጡቱ ሲወጣ ሳስቷል፤ ከሥሩ ይደርሰው የነበረውንም ደም አጥቷል። ቆዳው ከሞተ ማትሪክሱ ይጋለጣል። በሁለቱ መካከል ፈሳሽ ከተጠራቀመ፣ ማለትም ሴሮማ ከተፈጠረ፣ ቆዳውና ማትሪክሱ ሊጣበቁ አይችሉም፤ ፈሳሹም ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። የመማሪያ መጻሕፍት እነዚህን በየርዕሳቸው ለያይተው ያስቀምጧቸዋል፤ በታካሚዋ ሰውነት ላይ ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል፤ ፍጻሜውም ኢምፕላንቱን ማውጣት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ማትሪክሱ ባረፈበት ልክ ቆዳው ያለ ትኩሳት ይቀላል፤ ይህ ኢንፌክሽን ላይሆን ይችላል። ቢሆንም እስኪጣራ ድረስ እንደ ኢንፌክሽን መከታተሉን እመርጣለሁ።

በኔዘርላንድስ ሆስፒታሎች ተካሂዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በላንሴት ኦንኮሎጂ የታተመው ብሪዮስ የተሰኘ ጥናት ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንዱ ቡድን በማትሪክስ ታግዞ በአንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ኢምፕላንት ተደረገለት፤ ሌላው መጀመሪያ ቆዳን የሚያሰፋ ፊኛ፣ በኋላ ኢምፕላንት። በመጀመሪያው ቡድን ከ91 ጡቶች በ26ቱ፣ በሁለተኛው ከ92 ጡቶች በ5ቱ ከባድ ችግር ደረሰ።

ልዩነቱ ያስደነግጣል። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በማትሪክሱ ላይ የሚጭን ሰው ጥናቱን በችኮላ አንብቦታል፤ ሁለት ነገሮች በአንድነት ተለውጠዋልና። በአንድ ጊዜ የሚገባ ሙሉ ኢምፕላንት ያንኑ የተጎዳ ቆዳ ወዲያውኑ ይወጥረዋል፤ ፊኛው ግን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ይሞላል። ማትሪክስ ሁሉ አንድ አይደለም የሚለውም መታወስ አለበት፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2021 አንዳንድ ምርቶች ከሌሎቹ የበለጠ ችግር ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ሲያስጠነቅቅ፣ ለዚህ ቀዶ ሕክምና ያጸደቀው አንድም ምርት እንደሌለ ገልጿል።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው የማትሪክሱ ማሸጊያ ከመከፈቱ በፊት ነው፦ የቆዳው ጠርዝ ይደማል? ታካሚዋ ታጨሳለች? የጨረር ሕክምና ወስዳለች? ቆዳው ካጠራጠረ ፊኛውን ሳይሞሉ አስገብቶ መጠበቅ፣ ወይም መልሶ መሥራቱን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይቻላል። ውሳኔው በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ሊለወጥ እንደሚችል ታካሚዋ ማደንዘዣ ከመውሰዷ በፊት፣ የስምምነት ቅጹን ስትፈርም፣ ከሐኪሟ አንደበት መስማት አለባት።