የማን ልጅ ነህ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ችግር ሰውን ያስተምራል ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማለን። እኔ ግን ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁት ችግር ብቻውን አስተማሪ አለመሆኑን ነው። ምስክሬም በራሴ የደረሰው ነው።

አባቴ በወጣትነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ለወላጆቻቸው ሳይናገሩ ከመንዝ ተነሥተው ቅኔ ሊማሩ ጎጃም ገቡ። ደበሎ ለብሰው፥ አኩፋዳ አንግተው፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ ሲለምኑ የነከሳቸው ውሻ ጠባሳ ዛሬም ባታቸው ላይ አለ። እንዲህም ሆነው ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ከመቍጠር ተነሥተው እስከ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ደረሱ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፥ እኒሁ አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው፥ በሶ የሞላ ስልቻ ተሸክመው ከመኝታ ክፍላችን ደጃፍ ቆሙ። አብረውኝ የሚያድሩት የከተማ ልጆች ነበሩ፤ እኔም አነጋገሬን እንደ እነርሱ ለማድረግ ከጀመርሁ ገና ወር አልሞላኝም። አንዱ «ማን ናቸው?» ቢለኝ፥ «የአገር ቤት ጐረቤታችን ናቸው፤ ዕቃ ሊያደርሱልኝ ተልከው ነው» አልሁ። አባቴ ሰሙ። ስልቻውን አኑረው፥ «አዎን፥ ጐረቤት ነኝ» አሉና እጅ ነሥተው ወጡ።

ስሸኛቸው ብዙ መንገድ ዝም ብለው ሄዱ። በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ እኔም ጎጃም ሳለሁ የማን ልጅ ነህ ሲሉኝ ክጃለሁ። ስሜንም አገሬንም ለውጬ ተናግሬአለሁ። የካድሁት ወላጆቼ ሰምተው ከትምህርቴ እንዳይወስዱኝ ነው። አንተ የካድኸው ምን እንዳይቀርብህ ነው?»

መልስ አልነበረኝም።

እሳቸውም እኔም ተቸግረናል፤ ሁለታችንም ማንነታችንን ደብቀናል። ነገር ግን እሳቸው በችግራቸው ውስጥ የሚወዱት ዕውቀት ነበራቸው፤ እኔ የነበረኝ እንዳይናቅ የሚሠጋ ልብ ብቻ ነው። እሳት ሸክላን ያጠነክራል፤ ገለባን ግን አመድ ያደርጋል።

ከሦስት ቀን በኋላ ለጓደኞቼ እውነቱን ነገርኋቸው። አንዱ ዝም ብሎ በሶውን በጥብጦ ጠጣ። ሌላው ደግሞ እናቱ ጉሊት ቸርቻሪ መሆናቸውን ያን ዕለት ገና አወራን። ለካስ በአንድ ክፍል ውስጥ እያደርን ሁላችንም ተደባብቀን ኖረናል!

ስለዚህ፥ ጓደኞቼ፥ እዚህ የመጣነው የተሻልን ሰዎች ለመሆን እንጂ ሌላ ሰው ለመሆን አይደለም። በወላጁ የሚያፍር ተማሪ የሚሰበስበው ዕውቀት መሠረት እንደሌለው ቤት ነው።

እኔ አባቴን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅሁም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አፌ ተያዘ። በሐምሌ ለምረቃዬ ይመጣሉ። ያን ጊዜ በእናንተ ፊት ጉልበታቸውን ስሜ፥ «አባቴ ናቸው» እንድል፥ ዛሬ እናንተን ምስክር አድርጌአለሁ።