የዶውሮ ተዳፋትና ቀዩ የወይን ጠጅ



በሰሜን ፖርቱጋል የዶውሮ ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ ግራና ቀኙ ገደል ነው። መሬቱ ሺስት የሚሉት፣ በስሱ እየተሰነጠቀ የሚነሣ ድንጋይ ነው። ገበሬው ድንጋዩን ፈልፍሎ፣ ያለ ኖራ ካብ ክቦ፣ በእርከኑ ላይ ወይን ተከለ። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ድካሙን ሳይነግሩት ያውቀዋል። መንግሥትም ይህን ምድር በ1756 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው) የወይን አገር ብሎ በሕግ ከለለው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት እንናገር። የቀይ ጠጅ ቀለም የሚገኘው ከጭማቂው ሳይሆን ከልጣጩ ነው፤ ስለዚህ ጭማቂው ከነልጣጩ ይፈላል። ፖርት የሚባለው ጣፋጭ ጠጅ ግን ስኳሩ ሳያልቅ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ፣ 77 በመቶ አልኮል ያለው የወይን አረቄ ይጨመርበትና መፍላቱ ይቆማል። ጊዜው አጭር ስለ ሆነ ቀለሙ ቶሎ መውጣት አለበት። ስለዚህ ቀን ሲለቅሙና ቅርጫት ሲሸከሙ የዋሉት ሠራተኞች ማታ ላጋር በሚባለው የድንጋይ ገንዳ ገብተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ እርምጃቸውን አስተካክለው ይረግጡት ነበር። እግር ልጣጩን ያሻል እንጂ ዘሩን አይሰብርም፤ ዘሩ ከተሰበረ ጠጁ ይመራል። ዛሬ እግርን የሚተካ መኪና ተሠርቷል፤ ቢሆንም በእግር የሚያስረግጡ አሁንም አሉ።

ያልጣፈጠው ቀይ ጠጅ ደግሞ ስኳሩ እስኪያልቅ ይፈላል። ችግሩ ሙቀት ነው። ፈርናንዶ ኒኮላው ደ አልሜይዳ ባርካ ቬልያ የተባለውን ስመ ጥር ጠጅ በ1952 ሲሠሩ፣ ለማቀዝቀዣ የሚሆነውን በረዶ ከባሕሩ ጠረፍ በካሚዮን ያስመጡ ነበር።

ስሙንስ ማን ወሰደው? ፖርት የሚጠራው በተዳፋቱ ሳይሆን በመርከብ በተጫነባት በፖርቶ ከተማ ነው። ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ባላነሣነው። እስከ 1986 ድረስ ወደ ውጭ የሚላከው ፖርት በወንዙ አፍ ካለችው ከቪላ ኖቫ ደ ጋያ መጋዘኖች እንዲወጣ ሕግ ያዝዝ ነበር። በዚያ መጋዘን የሌለው ገበሬ ለነጋዴ ከመሸጥ በቀር ምን ምርጫ ነበረው? ካቡን የካበው አንዱ፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላ! በ1986 ሕጉ ተሻሽሎ አምራቹ ከእርሻው በቀጥታ እንዲልክ ተፈቀደለት። ለእኛ ይህ ከማንኛውም አዲስ መኪና የሚበልጥ ለውጥ ይመስለናል።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ትራክተር የሚያስገባ ሰፊ የአፈር እርከን ተጠርጓል። ገደሉ በጸናበት ግን ዛሬም ወይኑ በእጅ ይለቀማል፤ ዝናብ የናደውንም ካብ መልሶ የሚክበው የሰው እጅ ነው።