ስለ ሕመም ማስታገሻ ክኒን
(በመልካሳ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



እኛ የመልካሳ ልጆች ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንዲት ትንሽ ክኒን ለመናገር ነው። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ሕመምንና እብጠትን ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን ያለ ሐኪም ምክር ረዥም ጊዜ የሚዋጡ አይደሉም።

ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በወንዝ ዳር የሚበቅለውን አኻያ ሁላችን እናውቀዋለን። በአኻያ ወገን ዛፎች ቅርፊት ውስጥ የተገኘው ንጥረ ነገር መንገድ መርቶ፤ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በጀርመን አገር በባየር ፋብሪካ አስፕሪን ተሠራ።

ሰውነታችን ሲጎዳ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ሕመሙንና እብጠቱን የሚያባብሰው ይኸው ነው። እነዚህ ክኒኖች እንዳይመነጭ እንደሚያግዱት እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ቬን በ1971 ገለጠ። ዳሩ ግን ይኸው ንጥረ ነገር የጨጓራን ግድግዳ ይጠብቃል፤ ወደ ኩላሊትም ደም እንዲደርስ ይረዳል። ስለዚህ ክኒኑ ሕመሙን ሲያባርር ጠባቂውንም አብሮ ያባርራል።

አንድ ጎረቤታችን የሽንኩርት ጆንያ ሲያነሣ ወገቡን ታመመ። ዲክሎፌናክ ገዝቶ ዋጠ፤ በሦስተኛው ቀን ተሻለው። እስከዚህ ደግ ነበር። ነገር ግን ሸክሙ አልቀረምና ክኒኑንም አልተወ። በባዶ ሆዱ፤ በቆላው ፀሐይ ላብ እያጠመቀው ለወራት ዋጠ። አንድ ቀን የቡና አተላ የመሰለ ደም አስታወከ፤ ሐኪም ቤት ደርሶ በጭንቅ ተረፈ። «ሕመሙ ሲጠፋልኝ የዳንሁ መሰለኝ» አለን።

በስምጥ ሸለቆአችን ሌላም ነገር አለ። በወንጂ እንደታየው፤ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው አጥንቱ ይጎዳል፤ አከርካሪውም ይደርቃል። ክኒን ይኽን ሕመም ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ ፍሎራይዱን ከአጥንት አያወጣም። መከላከያው ንጹሕ ውሃ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለወለምታ፤ ለጥርስ ሕመም፤ ለወር አበባ ቁርጠት በትንሹ መጠን፤ ከምግብና ከውሃ ጋር፤ ለጥቂት ቀናት እንውሰድ። አዋቂ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኢቡፕሮፌን ሲወስድ በቀን ከ1200 ሚሊግራም፤ ከ10 ቀንም አይለፍ። ሁለት ዓይነት አንደርብ። የጨጓራ ቁስለት፤ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም፤ አስም ያለበት ሰው፤ ነፍሰ ጡርም አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረበት ክኒኑን ትቶ ቶሎ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ጓደኞቻችን፤ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ወላጆቻችን የመድኃኒቱን ወረቀት እንድናነብላቸው ይጠይቁናል። ስሙን ብቻ አንብበን አንለፍ፤ ለስንት ቀን እንደሚወሰድም እንንገራቸው። የተማርነው ለዚህም ነውና።